ወደ ቻይና የተላኩት የሕፃን ጋሪዎች

ባለፈው ጸደይ ልጄ ሊያ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት፣ ከእሷ የሚበልጥ ካርቶን በታክሲ አስጭና ቤቴ መጣች። ክፍላቸውን ባሏ ቀለም እየቀባው ስለነበር፣ እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ይቀመጥ ብላ ነው። ካርቶኑን ሳሎን መሀል አጋድመን ጠርዙን በቢላ ስንቀደው የአዲስ ጎማ፣ የሙጫና ገና ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ያንን ሽታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ስተነፍሰው ኖሬአለሁ። ሳላስበው ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሊያ በስዊድንኛ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ አማርኛው ይገባታል፣ መልሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በስዊድንኛ ነው። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ተነሥቼ መመሪያውን ሳልገልጥ ጋሪውን ገጣጠምኩት፤ መጀመሪያ የኋላውን ዘንግ፣ ቀጥሎ ጎማዎቹን፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያውን። ልጄ በእጄ ፍጥነት ትስቃለች። ጎኑ ላይ የተሰፋችውን ምልክት ገልብጬ ሳይ፣ የተሠራው ቻይና ነው። ለእሷ ይህ ምንም አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ ካለው ዕቃ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ለእኔ ግን ጋሽ ዘውዱን አመጣብኝ፤ ከመጡም በኋላ አልሄዱልኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የትኛው ዓመት ላይ እንደሆነ ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የማልሳሳተው ሌላ ሌላውን ነው። ያን ጊዜ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው መግቢያ ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የወረቀት ትኬታችን ላይ ማኅተም ይመታ ነበር። ጠዋት ጠዋት በነፃ የሚታደል ጋዜጣ ነበር፤ ሰው አንብቦ መቀመጫ ላይ ጥሎት ሲወርድ እኔ አነሣዋለሁ፣ ስዊድንኛም ያስተማረኝ እሱ ነው ብል ውሸት አይሆንም። አዲስ አበባ የምንደውለው በምንኖርበት ሰፈር በብሬዴንግ አደባባይ ካለው ኪዮስክ በሃምሳ ክሮነር በምንገዛው ካርድ ነበር፤ በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን እናስገባለን፣ የዘመድ ሁሉ ሰላምታ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ሴቱ ሁሉ ከጉልበቱ በታች ሰፋ ያለ ሱሪና ሹል ጫማ ያደርግ ነበር። እኔም በቅናሽ የገዛኋት፣ በበረዶ የምታንሸራትት ሹል ቡትስ ነበረችኝ። ከአገር ቤት በሰው እጅ የሚላኩልን ካሴቶች ቀስ በቀስ ሲዲ እየሆኑ ነበር፤ ባለቤቴ ተስፋዬ እሑድ እሑድ አንዱን ዘፈን እየደጋገመ ያስደምጠን ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ። ተስፋዬ ኩላሊቱን ታሞ ስለነበር በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይመላለሳል። ሊያ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ቤቱ በእኔ ደመወዝ ነበር የቆመው።

እሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሶለንቱና ነበር። ከብሬዴንግ በምድር ውስጥ ባቡሩ ቀይ መስመር እስከ መሀል ከተማ፣ ከዚያ ፔንደል በምንለው ባቡር ወደ ሰሜን፤ ከጣቢያው ተወርዶም የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ አለው። በበርች ዛፎች የተከበበ ቀይ የጡብ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ አርባ የማንሞላ ሰዎች የሕፃን ጋሪ እንሠራ ነበር። ጋሪ ስል ይህን የዛሬውን በአንድ እጅ የሚታጠፈውን እንዳይመስላችሁ። ትልልቅ ጎማ፣ የብረት ሞላ፣ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ውስጡም ፍራሽ ያለው፤ አልጋ ነው ማለት ይቻላል። ስዊድኖች ሕፃን በዚያ ጠቅልለው ከቤት ውጭ፣ ብርዱ ላይ ያስተኛሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እናቱ ጥላው የሄደች መስሎኝ ካፌ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ ስጠብቀው፣ እናትየዋ ቡናዋን ጠጥታ ስትወጣ ሳቀችብኝ። የፋብሪካው ባለቤት ቤርቲል ይባላል። ድርጅቱን ያቋቋመው አያቱ ነው፣ ከብስክሌት ጥገና ተነሥቶ። ቤርቲል ስድሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበር። አዲስ ዓይነት ጋሪ በተሠራ ቁጥር ድንች የሞላ ጆንያ ያስተኛበትና ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዞረዋል፣ ዝናብም ቢሆን። በዚህ አገር አንቱታ የለምና ሁላችንም አንተ ነበር የምንለው። እኔ ግን አንተ ባልኩት ቁጥር እናቴ ከኋላዬ የምትቆነጥጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘውዱን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጋሪ በካርቶን ያሽጋሉ፣ ወለሉን ይጠርጋሉ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት አያልፍም ነበር፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ከሥራ ቱታቸው ሥር በየቀኑ ክራቫት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ መጀመሪያ በክራቫታቸው ይሳሳቁ ነበር፣ በኋላ ለመዱት። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስቴርና ሳራ ከምትባል ልጃቸው ጋር ቴንስታ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ጠዋት እሳቸው በሰማያዊው መስመር፣ እኔ በቀዩ መጥተን ፔንደሉ መቆሚያ ላይ እንገናኝና አብረን እንሄዳለን። ማን እንደነበሩ ለመናገር የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም። ወጣት ሳሉ መንግሥት ቻይና ልኳቸው አምስት ዓመት ምሕንድስና መማራቸውን ያወቅሁት ከአንድ ዓመት በላይ አብረን ከተመላለስን በኋላ ነው። ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ ይተኙ ነበር፤ ሩዙ በኩፖን፣ ጨርቁ በኩፖን፣ ክረምቱ አጥንት የሚሰብር፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ብስክሌት። ይህን ሲያጫውቱኝ ፊታቸው የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል። አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመት ሠሩ፤ ከዚያ የመጣው መጣና እዚህ ደረሱ። ሥራና ሠራተኛ አገናኝ መሥሪያ ቤት ሄደው ዲፕሎማቸውን ሲያሳዩ፣ የተቀበለቻቸው ሴት ፊደሉን ገልብጣ አይታ የትኛው አገር ቋንቋ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ኮፒ አድርጋ ፋይል ውስጥ ከተተችው፤ እዚያው ቀረ።

ፋብሪካው ወደ ቻይና ለመግባት ማሰብ የጀመረው ዮአኪም ከመጣ በኋላ ነው። ዮአኪም የቤርቲል ልጅ ባል ነው፤ ንግድ የተማረ፣ ፈጣን፣ ክፋት የሌለው፣ ግን ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ መልስ የሚሰጥ ልጅ ነበር። ስዊድን ውስጥ ገበያው ጠቧል፣ ርካሽ ጋሪ ከየአገሩ እየገባ ነው፤ ቻይና ግን በየቀኑ የሚወለደው ሕፃን ስንት ነው ይለን ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ቻይና ነበር የሚያወራው። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ያለው ወሬም እሱ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ አገር ሦስት እንግዶች መጡ። የተቀጠረው አስተርጓሚ አሞት ቀረ። የዮአኪም እንግሊዝኛና የእነሱ እንግሊዝኛ ሊገናኝ አልቻለም፤ ፈገግታ ብቻ ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሚስተር ዋንግ የሚባል ሽበታም ሰውዬ፣ መጋዘኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የጋሪውን ሞላ እየነካ አንድ ነገር ጠየቀ። ማንም አልገባውም። ጋሽ ዘውዱ መጥረጊያቸውን ግድግዳ አስደግፈው መለሱለት።

እኔ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አየሁት። ሽበታሙ ሰውዬ ቀና ብሎ ግራ ቀኙን ተመለከተ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ የጠፋው ይመስል። ከዚያ ጋሽ ዘውዱን በሁለት እጁ ያዛቸው። ለካስ የሁለቱ ትምህርት ቤት አንድ ከተማ ውስጥ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ እየተዘዋወሩ አወሩ፤ ቤርቲልና ዮአኪም ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸዋል። በሳምንቱ ጋሽ ዘውዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፣ መስኮቱ ወደ ባቡሩ ሐዲድ የሚያይ። ከተማ ወርደው ጥቁር ግራጫ ሙሉ ልብስ ገዙ። ስማቸው በቻይና ፊደልም የተጻፈበት ካርድ ሲታተምላቸው የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ፔንደሉ ውስጥ፣ ሰው እንዳያያቸው እያፈሩ። ሳራ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ለጓደኞቿ አባቴ መሐንዲስ ነው ስትል እንደሰሟት ነገሩኝ። «እውነት መሆኑ ነው እኮ ጽጌ» አሉ፤ መስኮት መስኮቱን ማየት ቀጠሉ።

ከዮአኪም ጋር የመጀመሪያውን ጉዞ አድርገው ሲመለሱ ብዙ አጫወቱኝ። ከተማው የት እንደገባ ጠፋኝ አሉ፤ የተኙበት ማደሪያ ፈርሶ ሱቅ ሆኗል፣ ብስክሌቱ ሁሉ መኪና ሆኗል። ዮአኪም ሆቴል ሲያርፍ እሳቸው ከእኛ ጋሪዎች አንዱን እየገፉ ሰው ወደሚኖርበት ሰፈር ሄዱ። ስድስት ፎቅ ያለው ሊፍት የሌለው ቤት አገኙ። ጋሪውን ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ሲወርዱ አይተዋቸው፣ «ይህ ልጁን ይሸከማል ወይስ እኔ ሁለቱንም ልሸከም ነው?» ብለው ሳቁባቸው። ጋሽ ዘውዱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከሴትዮዋ ጋር ረጅም ሰዓት አወሩ። እዚያ ሕፃን የምታሳድገው አያት ናት፤ እናት ሥራ ላይ ናት። ጋሪ የሚገፋውም፣ ደረጃ ለደረጃ የሚሸከመውም አያት ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ጻፉት።

እኔ በዚያ ወቅት የሠራተኞቹ ማኅበር ተወካይ ነበርኩ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። ስለዚህ በትልልቅ ስብሰባዎች ላይ እቀመጥ ነበር። ሐምሌ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለ ቻይና የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። ሐምሌ ላይ ስዊድን ትዘጋለች፤ ጸሐፊዋ ዕረፍት ወጥታ ስለነበር ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው እንኳ አልነበረም። ቤርቲል፣ ዮአኪም፣ ጋሽ ዘውዱና እኔ ብቻ ነበርን። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻንጋይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ስላለ ጋሪዎቹ እዚያ ሊታዩ ነው። ጋሽ ዘውዱ ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው፣ በተማሩት ስዊድንኛ ተናገሩ።

«ከኤግዚቢሽኑ በፊት የጋሪያችንን ስም እናስመዝግብ» አሉ። «በእኛ ፊደልም በእነሱ ፊደልም። እዚያ አገር የስም ባለቤት የሚሆነው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ከታየን በኋላ ይረፍድብናል።»

ቀጥለው ጋሪው ቀላል ካልሆነ አያቶቹ እንደማይገዙት ተናገሩ። የጋሪውን ሥዕልና ልክ እዚያ ለሚሸጥልን ለቻይናው ሽርካ ቶሎ አትስጡ፣ ቤርቲል ራሱ ሄዶ ከሰዎቹ ጋር ማዕድ ይቅረብ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስ፣ ከዚያ እንፈርም አሉ። እዚያ ውሉ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ከማን ጋር እንደተቀመጥክ ይታያል ብለው አስረዱ። ዮአኪም በትዕግሥት የሚያዳምጥ መስሎ እስክሪብቶውን ያሽከረክራል። ሰዎቹ የሚፈልጉት እኮ ስዊድናዊ ነገር ነው፣ ከቀየርነው ምን እንሸጣለን አለ። ስሙን በተመለከተም ጠበቃው ዕረፍት ላይ ነው፣ ሲመለስ ይሠራዋል፣ የአንድ ወር ጉዳይ ነው አለ። ጋሽ ዘውዱ ወደ ቤርቲል ዞሩ። ቤርቲል ግቢውን በመስኮት እያየ ነበር። «ዮአኪም እንዳለው ይሁን» አለ። ጋሽ ዘውዱ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ እያንዳንዷን ቃል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት የደስታ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ኤግዚቢሽኑ ላይ ሕዝብ ተረባረበ፣ ሥዕሉ ተሰጠ፣ ውል ተፈረመ። ሰባት አዲስ ሠራተኞች ተቀጠሩ። ከመጋዘኑ እስከ በሩ ድረስ ካርቶን ተደርድሮ መተላለፊያ ጠፋ። ሁለት ኮንቴይነር ጋሪ የጫኑት መኪናዎች ከግቢው የወጡ ዕለት ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ነበር። ሁላችንም በር ላይ ወጥተን አጨበጨብን፤ ቤርቲል ኮፍያውን አውልቆ እንደ ሕፃን አውለበለበው። ለፊካ፣ ለቡናው ዕረፍት ማለቴ ነው፣ አረንጓዴ ኬክ ተቆረሰልን። አሁን ሳስበው የዚያን ቀን ጋሽ ዘውዱ ኬኩን ሳይነኩት ነው ሳህናቸውን የመለሱት።

ወሬው የመጣው በረዶው ከከረመ በኋላ ነው። ኮንቴይነሮቹ ወደቡ ላይ ተያዙ። ለካስ በቤርቲል አያት ስም ይሸጥ የነበረውን የጋሪያችንን ስም፣ ከኤግዚቢሽኑ ጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው እዚያ አስመዝግቦታል፤ በሕይወቱ ጋሪ ሠርቶ የማያውቅ ሰው። በሕጋቸው ስሙ የእሱ ነው፤ እኛ የራሳችንን ስም የሰረቅን ሆነን ቁጭ አልን። በዚያው ወር ከሻንጋይ ሱቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ደረሰ። በእኛ ስም የሚሸጥ ጥቁር ሰማያዊ ጋሪ ነው፣ ዋጋው የእኛን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ጋሽ ዘውዱ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። አሠራሩ ጥሩ ነው አሉኝ ፔንደሉ ውስጥ፤ አያቶቹን የጠየቀ ሰው ነው የሠራው።

ድርጅት ሲወድቅ ጥፋተኛ ይፈለጋል። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር። ያ ሰውዬ ከእነሱ ጋር በቋንቋቸው ምን ሲያወራ እንደነበር ማን ያውቃል ተባለ። ከሚስተር ዋንግ ጋር ያን ያህል የተቃቀፉት በከንቱ አይደለም ተባለ። ምሳ ክፍል ውስጥ ከአጠገባቸው የነበረው ወንበር ባዶ መሆን ጀመረ። ስለ ስሙ ምዝገባ ማስጠንቀቅ የእሱ ሥራ ነበር፣ አላስጠነቀቀንም አለ ዮአኪም። ይህን የተናገረው ሆን ብሎ ዋሽቶ ይሁን ወይስ በእርግጥ ሳይሰማ ቀርቶ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልሰማም ብዬ የማምንባቸው ቀናት አሉ።

በዚያው ሳምንት የሚቀነሱት ሠራተኞች ዝርዝር እየተዘጋጀ ነበር። ዮአኪም ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ የመለዋወጫ ክፍሉ እንደማይዘጋ፣ እዚያ አንድ ሰው እንደሚያስፈልግና እኔን እንዳሰበ ነገረኝ። የተስፋዬን ሕመም ያውቃል፣ ስለ ልጄም ጠየቀኝ። ሌላ ምንም አላለም። በማግስቱ ስብሰባ ተጠራን፤ ያው አራታችን፣ አሁን ግን ጸሐፊዋም ነበረች። ዮአኪም ክሱን አነበበ። ጋሽ ዘውዱ ከበጋው ዕረፍት በፊት በነበረው ስብሰባ ሁሉንም ተናግሬአለሁ አሉ። ቤርቲል ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ጽጌ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ዘውዱ ስለ ስሙ ምዝገባ ሲናገር ሰምተሻል?»

እዚህ ላይ ራሴን የማስውብበት መንገድ ብዙ ነው፤ ለዓመታት ሞክሬዋለሁ። የሆነው ግን ይህ ነው። «የዚያን ጊዜ ስዊድንኛዬ ደካማ ነበር» አልኩ። «የተባለው ሁሉ አልገባኝም።»

ጸሐፊዋ ጻፈችው። ያ ቋንቋ ሲሰድቡንም ሲንቁንም አልገባኝም ላለማለት ስንት ሌሊት የተማርኩት ነው፤ ባልገባኝ ጊዜ እንኳ ገብቶኛል እያልኩ የኖርኩበት ነው። ቤርቲል እንደገና ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ጋሽ ዘውዱ ተነሡ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ጽጌን አታስጨንቋት» አሉ በስዊድንኛ፣ ልክ ከሁላችንም የሚያፍሩት እሳቸው እንደሆኑ ሁሉ፤ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። በማግስቱ ጠዋት ፔንደሉ መቆሚያ ላይ ልማዴ ሆኖ ዓይኔ ፈለጋቸው፤ ከዚያ አለመኖራቸው ልቤን አሳረፈው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ማረፌ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን። ሌላ በር ልፈልግ ስል ቀድመው አዩኝ። «ጽጌ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ተስፋዬ ተሻለው? ልጅቱ ደህና ናት?» አሉ። በየእሑዱ ይህንኑ ጠየቁኝ። ተስፋዬ ሲያርፍ ሦስቱን ቀን እቤቴ ውለው ወንበር ሲያቀብሉ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ሳህን ሲያነሡ ነበር። በየጊዜው ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ጾም ሲገባ እላለሁ፣ ጾም ሲፈታ እላለሁ። አንዴ አጥር ሥር ለብቻችን ስንቆም አፌን ከፍቼ፣ ስለ ብርዱ አወራሁ። እሳቸው ቴንስታ አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝተው ነበር፤ ትሪ ያጥባሉ፣ ድንች ይልጣሉ። ሙሉ ልብሱን ለእሑድ አደረጉት፤ እየቆየ ትከሻው ሰፋቸው።

እኔም በዝምታዬ የገዛሁት አሥራ አንድ ወር ነው። ፋብሪካው ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ማሽኖቹን የገዙት ሰዎች በአንድ በኩል እየፈቱ፣ እኛ በሌላው በኩል ቡና እየጠጣን ተሰናበትን። ቤርቲል እያንዳንዳችንን ጨበጠ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን አልለቀቀም። ባንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንዳረጀ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ሰምቼው ነበር» አለኝ። «መስኮቱን እያየሁ ነበር እንጂ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ብትናገሪው ኖሮ፣ እኔ በልጄ ባል ላይ መናገር አይኖርብኝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።» ሁለታችንም አንዳችን በሌላው ትከሻ ላይ ልንጥለው የፈለግነው ነገር ነበር፤ ሸክሙን የተሸከሙት ሌላ ሰው ሆኑ። ዛሬ ያ ሕንፃ የስፖርት ማሠልጠኛ ሆኗል፤ በፔንደል ሳልፍ ጎረምሶች ብረት ሲያነሡ በመስታወቱ ይታያሉ።

ጋሽ ዘውዱ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ ተኝተው አገኘኋቸው፣ አልቀሰቅሳቸውም ብዬ አበባውን አስቀምጬ ወጣሁ። ደክሟቸዋል ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። በሳምንቱ አረፉ።

ለቅሶው ቴንስታ፣ እቤታቸው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ሴቶቹ ተቀምጠናል፣ ወንዶቹ በረንዳውና ኮሪደሩ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ሳራ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አባቷን ቁርጥ ናት፣ አቀማመጧ ሳይቀር። እጇ ላይ ወረቀት ይዛለች። በስዊድንኛ ነው የጠየቀችኝ፣ ጮክ ሳትል።

«የአባዬን ወረቀቶች ሳገላብጥ ይህን አገኘሁ። ድርጅቱን እንደጎዳ፣ ማስጠንቀቅ ሲገባው እንዳላስጠነቀቀ ይላል። እኔ ለሰው ሁሉ ሥራውን የለቀቀው በፈቃዱ ነው ስል ነው የኖርኩት። አንቺ እዚያ ትሠሪ ነበር። እውነት ነው?»

የስንብት ደብዳቤው ነበር። ክፍሉ ውስጥ አሥር ያህል ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ስዊድንኛ ይሰማሉ። «እውነት አይደለም» አልኳት። «አባትሽ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። ስለ ስሙም፣ ስለ ደረጃውም፣ ስለ ሥዕሉም። እኔ እዚያ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛልም። ሲጠይቁኝ አልገባኝም አልኩ። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

ሳራ ፊቴን አየችው፤ የተቆጣች አትመስልም፣ የሆነ ቦታ የጠፋባትን ነገር የምትቆጥር ትመስላለች። «ስንት ዓመት ሆነው?» አለች። መልስ የምትፈልግ አልመሰለኝም። ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ለመሄድ ነጠላዬን ሰብስቤ ስነሣ፣ ከወዲያኛው ፍራሽ ወይዘሮ አስቴር ጠሩኝ።

«ጽጌ፣ የት ትሄጃለሽ?» አሉ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ። የዚያኑ ቀን ነግሮኛል። ‹አደራ፣ እንዳወቅሽ እንዳታሳያት፤ ካፈረች ቤተ ክርስቲያን መምጣቷን ትተዋለች፣ ባሏ ታማሚ ነው፣ ሌላ ማን አላት› አለኝ። ለልጁ ግን አልነገራትም። ሰው በሰው ላይ እንዲህ እንደሚሆን አሁን አትወቅ ብሎ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እዚያ ተቀምጬ ለጋሽ ዘውዱ ያን ጊዜ ገና አለቀስኩ።

ሳራ ተመልሳ ስትመጣ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ነበር። «ያልሽውን ጻፊልኝ» አለች፤ አሁንም በስዊድንኛ። «ስምሽን ጻፊና ፈርሚበት።» ወጥ ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፤ በስዊድንኛ፣ በራሴ እጅ፣ ካለው ስሕተት ጋር። እሷ ማጠቢያው ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። ስሰጣት እዚያው ቆማ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድም ቦታ አላረመችም። ካነበበች በኋላ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና በጣቷ የወረቀቱን ጥግ አመለከተችኝ።

«ቀኑን አልጻፍሽም» አለችኝ።

ቀኑን ጻፍኩ።